አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ስሄድ ኮርዱ ለምን ያዝናል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። እኔም እዚሁ ጅማ ነው ኪቦርድ የማስተምረው። ደስ ስላለኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ ግን ጥያቄውን ጥቂት አሳጥሬ ላስቀድም። (ኮርድ የምንለው አንድ ላይ የሚጫወቱ ድምፆችን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው።)

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮቺ አካባቢ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዛሁ። አስተማሪ የለኝም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ሲ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ ለመድኩ፤ በጣም ደስ ይላል። ግን ጣቶቼን እንደያዝኩ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ስወስዳቸው ድምፁ ይለወጣል፤ ያዝናል። ታናሽ ወንድሜ ‹ይሄኛው አኩርፏል› ይለኛል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞ ሃያ ደቂቃ ስለማመድ አንጓዬን ያመኛል። ኪቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ትዝታንስ በዚህ ኮርድ ማጀብ ይቻላል?»

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። መጀመሪያ ከስጋት ላውጣሽ። በነገርሽኝ ምልክት ኪቦርድሽ ምንም አልሆነም። ጣትሽም አላጠፋም። ወንድምሽ ደግሞ ጆሮ አለው፤ እውነቱን ነው የነገረሽ። አንድ ነጭ ቁልፍ ወደ ቀኝ ስትሄጂ የተጫወትሽው ሜጀር ሳይሆን ማይነር ኮርድ ነው። ሳታስቢው ሁለተኛ ኮርድ ለምደሻል ማለት ነው።

ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት በስም እንስማማ። ቪዲዮዎቹ ቁልፎቹን የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እነሱ «ሲ» የሚሉት ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ ነው። በዶ ሬ ሚ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) ሲጠራ ግን ያው ቁልፍ ዶ ነው። በዶ ሬ ሚ «ሲ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰባተኛው፣ ከቀጣዩ ዶ አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ያለው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ አይምታቱም። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም ሲ ናቸው። በዚህ የተነሳ አንዱን ኮርድ ፈልጎ ሌላው ላይ ቁጭ የሚል ተማሪ በየጊዜው ይገጥመኛል። አንዲት ተማሪዬ ሳምንት ሙሉ የተሳሳተው ሲ ላይ ስትታገል ከርማ «ጋሼ፣ ጆሮ የለኝም መሰለኝ» ብላ መጣች። ጆሮዋ ምንም ችግር አልነበረውም። ስሙ ነው ያሳሳታት። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በዶ ሬ ሚ ብቻ ነው የማወራሽ። ያንቺ ሲ ሜጀር ለእኔ ዶ ሜጀር ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል።

አሁን ቁልፎቹን ተመልከቺ። ጥቁሮቹ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት እያሉ ነው የሚሄዱት። በነጮቹ መካከል ጥቁር የሌለባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ በሚና በፋ መካከል ነው። ሌላው በሲና በዶ መካከል ነው። የጥያቄሽ መልስ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ፒያኖ ላይ ትንሿ እርምጃ ከአንድ ቁልፍ ጎኑ ወዳለው ቁልፍ መሄድ ናት። ነጭ ይሁን ጥቁር ለውጥ የለውም። ግማሽ ድምፅ እንላታለን። ከዶ ተነስተሽ 12 ጊዜ እንዲህ ብትራመጂ ቀጣዩ ዶ ላይ ትደርሻለሽ። ችግሩ ዓይናችን ነጮቹን ብቻ መቁጠሩ ነው። ከዶ ወደ ሬ አንድ ነጭ ነው። ከሚ ወደ ፋም አንድ ነጭ ነው። ለዓይን እኩል ናቸው። ለጆሮ ግን የመጀመሪያው ሁለት እርምጃ፣ የሁለተኛው አንድ እርምጃ ነው።

እንግዲህ ሜጀር ኮርድ ማለት ይሄ ነው፤ ከመነሻው ድምፅ 4 እርምጃ፣ ከዚያ ደግሞ 3 እርምጃ። አራትና ሦስት። የትኛውም ቁልፍ ላይ ብትነሺ ይሠራል።

በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪው። ዶ ላይ አንድ ጣት አስቀምጪ። ዶን አትቁጠሪያት። ከቤትሽ ወጥተሽ አራተኛው በር የት ነው ብትባዪ የራስሽን በር እንደማትቆጥሪ ማለት ነው። ከዶ ቀጥሎ ያለው ጥቁር አንድ። ሬ ሁለት። ቀጣዩ ጥቁር ሦስት። ሚ አራት። ሚ ላይ ቁሚ። አሁን ከሚ እንደገና ጀምሪ። ፋ አንድ። ጥቁሩ ሁለት። ሶል ሦስት። ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ተማሪዎቼ አራቱን ሲቆጥሩ በብዛት የሚሳሳቱት መነሻዋን አንድ ብለው ስለሚጀምሩ ነው። ያኔ አንድ ቁልፍ ይጎድላቸዋል።

አሁን ያኮረፈውን ቁጠሪ። ሬ፣ ፋ፣ ላ። ከሬ ተነሺ። ጥቁሩ አንድ። ሚ ሁለት። ፋ ሦስት። አየሽ? ሦስት ብቻ ሆነ፤ ምክንያቱም በሚና በፋ መካከል ጥቁር የለም። ከፋ ወደ ላ ደግሞ ጥቁሩ አንድ፣ ሶል ሁለት፣ ጥቁሩ ሦስት፣ ላ አራት። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አራትና ሦስት የነበረው ሦስትና አራት ሆነ። ድምሩ በሁለቱም 7 ነው። ዳርና ዳር ያሉት ድምፆች ርቀታቸው አልተለወጠም። የመሃሉ ብቻ ነው አንድ እርምጃ ወደ ታች የወረደው። ማይነር የሚባለው ይሄ ነው።

ይህን አንብበሽ ብቻ አትለፊው፤ ተነሺና ሞክሪው። በቀኝ እጅሽ ሬን በአውራ ጣት፣ ላን በትንሿ ጣት ያዢ። ሁለቱን አትልቀቂ። መሃል ጣትሽን ፋ ላይ አድርጊና አዳምጪ። ቀጥሎ እሷን ብቻ አንስተሽ ከፋ በስተቀኝ ወዳለው ጥቁር አሻግሪያት። ፋ ሻርፕ ትባላለች። ወደ ፋ መልሺያት። ደግሞ ወደ ጥቁሩ። ቀስ ብለሽ አሥር ጊዜ ያህል አመላልሺያት። ጥቁሩ ላይ ስትደርሺ ያኮረፈው ኮርድ ሲታረቅ ትሰሚዋለሽ። ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ። ይሄ ሬ ሜጀር ነው። ለእኔ ከኮርድ ትምህርት ሁሉ ትልቁ ይሄ የአንድ ጣት እንቅስቃሴ ነው። የኮርድን ባሕርይ የሚወስነው የመሃሉ ድምፅ መሆኑን በጆሮዋ የሰማች ተማሪ ከዚያ ወዲያ ሥዕል እያየች መሸምደድ አያስፈልጋትም።

በነጭ ቁልፎች ብቻ፣ አንድ እየዘለልሽ ሦስት ሦስት ብትይዢ ሰባት ኮርዶች ታገኛለሽ። ከዶ፣ ከፋና ከሶል የሚነሱት ሜጀር ናቸው። ከሬ፣ ከሚና ከላ የሚነሱት ማይነር ናቸው። ከሲ የሚነሳው ሲ፣ ሬ፣ ፋ ደግሞ ሦስትና ሦስት ስለሆነ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ውጥረት ያለበት ድምፅ አለው። ለጊዜው ተይው።

ሜጀሮቹ ግን በድምሩ 12 ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አንድ ይነሳል። እየቆጠርሽ ስትፈልጊያቸው በመልክ በመልካቸው ሲሰባሰቡ ታያለሽ። ዶ፣ ፋና ሶል ሦስቱም ነጭ ናቸው። ሬ፣ ሚና ላ ዳርና ዳር ነጭ ሆነው መሃላቸው ጥቁር ነው። ከሬ ፍላት፣ ከሚ ፍላትና ከላ ፍላት የሚነሱት የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ ዳርና ዳር ጥቁር፣ መሃል ነጭ። (ፍላት ማለት ከነጩ ቁልፍ በስተግራ ያለው ጥቁር ነው።) የቀሩት ሦስቱ ለየብቻቸው ናቸው። ከፋ ሻርፕ የሚነሳው ሦስቱም ጥቁር ነው። ከሲ የሚነሳው ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ነው። ከሲ ፍላት የሚነሳው ጥቁር፣ ነጭ፣ ነጭ ነው። ይህን ከእኔ አምነሽ አትቀበዪ። አራትና ሦስት እያልሽ ራስሽ ድረሺበት። ቆጥረሽ ያገኘሽው ኮርድ አይጠፋብሽም። ከሥዕል የቀዳሽው ግን በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

አራትና ሦስት ለምን ደስ ይላል? እሱም መልስ አለው። ድምፅ ንዝረት ነው። መሃል ኪቦርዱ ላይ ያለችው ዶ በሰከንድ ወደ 262 ጊዜ ትነዝራለች። ሚ ወደ 330፣ ሶል 392 ጊዜ ነው። ሦስቱን ብታነጻጽሪያቸው 4 ለ 5 ለ 6 ወደሚለው ይጠጋሉ። ንዝረቶቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚገጣጠሙ ጆሮ አይታገልም። «ይጠጋሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥርት ባለው ልክ ቢሆን ሚ 327 ነበር መሆን ያለባት። ፒያኖ 12ቱንም እርምጃዎች እኩል አድርጎ ስለሚያከፋፍል ሚን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋታል። ስለዚህ በጆሮ ከተቃኘ ክራር ጋር ስትጫወቺ ሚ ላይ ትንሽ መፋጨት ብትሰሚ አትደንግጪ። ክራሩም ኪቦርዱም አላጠፉም።

አሁን ወደ አንጓሽ። ይሄን ቸል አትበዪው።

ጥፋቱ የበርጩማው ይመስለኛል። የጅማ በርጩማ እወዳለሁ። ባለ ሦስት እግሩ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳን ሥሬ ነው ያለው። ነገር ግን ዝቅተኛ ነው፤ የተሠራው ለቡናና ለጨዋታ ነው። የምግብ ወይም የጽሕፈት ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኪቦርዱ ውፍረት ሲጨመርበት ቁልፎቹ ከዚያም ከፍ ይላሉ። አንቺ በርጩማ ላይ ሆነሽ ቁልፉ ደረትሽ ጋ ይደርሳል። ክንድሽ ወደ ላይ ይወጣል። ጣቶችሽ ቁልፉን ለመንካት አንጓሽ ይሰበራል፤ ወደ ታች ታጥፎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚያ ሁኔታ ሃያ ደቂቃ መቆየት ማንንም ያሳምማል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁለት አንዱን አድርጊ። ወይ ኪቦርዱን ሳሎን ውስጥ ወዳለችው አጭር ጠረጴዛ አውርጂውና በርጩማሽ ላይ ቁጭ በይ። ወይ ጠረጴዛው ላይ ተይውና ወንበር ላይ ጋቢ አጥፈሽ ደራርበሽ ተቀመጪ። መለኪያው ክርንሽ ነው። እጅሽን ቁልፉ ላይ ስታሳርፊ ክርንሽ ከቁልፉ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ከክርንሽ እስከ አንጓሽ ቀጥ ያለ መስመር ይታይ። እግርሽ መሬት ይንካ። ወንድምሽ ከጎን ፎቶ ያንሳሽ፤ ራስሽ ታዪዋለሽ።

የጣቱም ነገር አለ። ቀኝ እጅ ላይ አውራ ጣት ዶን፣ መሃል ጣት ሚን፣ ትንሿ ጣት ሶልን ትይዛለች። ግራ እጅ ላይ ይገለበጣል፤ ትንሿ ጣት ዶን፣ መሃል ጣት ሚን፣ አውራ ጣት ሶልን። ጠቋሚና የቀለበት ጣት ሬና ፋ ላይ ይረፉ እንጂ አይጫኑ። ጀማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ወደ ላይ ገትረው ይይዟቸዋል። መገተር ራሱ ድካም ነው። እጅሽ መካከለኛ አቮካዶ ከላይ በኩል እንደያዘ እጅ ጎበጥ ይበል። ሬ ሜጀርን ስትይዢ ደግሞ መሃል ጣትሽ ጥቁሩን እንድታገኝ መላ እጅሽን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥቁሮቹ ግፊው። ጣትሽን ብቻ ለመዘርጋት አትሞክሪ።

አጫጫኑም እንዲህ ይሁን። ሦስቱን ጣቶች ቁልፉ ላይ አስቀምጪ፣ ገና አትጫኚ። ትንፋሽሽን አውጪ። ከዚያ የክንድሽ ክብደት ወርዶ ሦስቱንም አንድ ላይ ይጫናቸው። ድምፁ «ዱ-ዱ-ድም» ሳይሆን አንድ «ድም» መሆን አለበት። ድምፁ ከወጣ በኋላ መጫንሽን አታጥብቂ። ቁልፉ እንደሆነ ወርዷል፤ ጨምረሽ ብትጫኚው ሌላ ድምፅ አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚታመመው ከድምፁ በኋላ በሚጨምረው ጉልበት ነው። ልምምዱን አሥር አሥር ደቂቃ አድርገሽ በቀን ሁለት ጊዜ ክፈዪው። ቁመቱን አስተካክለሽም ሕመሙ ካልተወሽ ወይም ጣትሽን ከደነዘዘሽ ልምምዱን አቁሚና ሐኪም ይይሽ።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ አላልሽኝም፤ ግን እኔ ልንገርሽ። ብዙዎቹ ትንንሽ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ፤ ሥሩን ገልብጠሽ እዪ። ድንጋይ ባይኖርም ግድ የለም። እኔ እንዲያውም ድምፅ የሌለውን ልምምድ አዝዛለሁ። ጨለማ ውስጥ ወይም ዓይንሽን ጨፍነሽ ጥቁሮቹን በጣትሽ ዳስሺ። ሁለቱን አግኚ፣ ከእነሱ በስተግራ ዶን አግኚ፣ ዶ ሜጀርን ያዢ። አንሺ። ፋ ሜጀርን ፈልጊ። ባለፈው ክረምት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዬ ዝናቡ ሲዘንብ መብራት ስለሚጠፋበት ለሁለት ሳምንት እንዲህ ብቻ ሲለማመድ ከረመ። ሲመጣ ቁልፎቹን ሳያይ እኔን እያየ ኮርድ ይቀያይር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት መለጠፍ ትቻለሁ። ወረቀት ያየ ዓይን ጥቁሮቹን አያይም።

ኮርድ መቀያየር ካነሳሁ አይቀር ይህን አሁኑኑ ያዢልኝ። ዶ ሜጀር፣ ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀርን ስትቀያይሪ እጅሽን ከቦታ ቦታ አታዝልዪው። አንድ ኮርድ ሦስቱ ድምፆች እስካሉ ድረስ የትኛዋም ድምፅ ከታች ብትሆን ያው ኮርድ ነው። ፋ ሜጀር ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ዶን ከታች አድርገሽ ዶ፣ ፋ፣ ላ ብትይዢውም ፋ ሜጀር ነው። ስለዚህ ከዶ፣ ሚ፣ ሶል ስትነሺ አውራ ጣትሽ ዶ ላይ ትቆይ። ሚ ወደ ፋ፣ ሶል ወደ ላ ብቻ ከፍ ይበሉ። ፋ ሜጀር ደረሽ። ወደ ዶ ተመለሺ። ለሶል ሜጀር ደግሞ ትንሿ ጣትሽ ሶል ላይ ትቆይ። አውራ ጣት ከዶ ወደ ሲ ትውረድ። ሬን በጠቋሚ ጣት ያዢያት፤ ሲ፣ ሬ፣ ሶል። ጣቶችሽ ከአንድ ነጭ ቁልፍ በላይ አልተንቀሳቀሱም፤ ሦስት ኮርድ ግን ተጫውተሻል። ቀስ በይ። ሳትቆራርጪ እስክትቀይሪ ድረስ ፍጥነት አትጨምሪ።

ትዝታ ያልሽው ላይ ደረስን። እኔም የቸኮልኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

አዎ፣ ይቻላል። ትዝታ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ልብ በይ፤ ዶ፣ ሚና ሶል እዚያው ውስጥ አሉ። የተማርሽው ኮርድ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ትዝታ ራሱ ውስጥ የተቀመጠ ነው። በግራ እጅሽ ከመሃሉ ዶ ወደ ግራ ባለው ዶ ላይ ዶ ሜጀርን ያዢ። ዝም ብለሽ ያዢው፤ አትደጋግሚው። በቀኝሽ ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ እያልሽ በቀስታ ተመላለሺ። ላ እና ሬ ላይ ስትደርሺ ድምፁ ትንሽ ይንሳፈፋል። ሚ ወይም ሶል ወይም ዶ ላይ ስትመለሺ ያርፋል። ያ መንሳፈፍና ማረፍ ነው ትዝታን ትዝታ የሚያስመስለው። ሌላም ኮርድ ከፈለግሽ ላ፣ ዶ፣ ሚ አለልሽ፤ ላ ማይነር ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። ከቪዲዮ የተማሩ ልጆች ሁሉንም ዜማ በዶ፣ በፋና በሶል ኮርድ ያጅባሉ። ትዝታ ውስጥ ግን ፋም የለም፣ ሲም የለም። ፋ ሜጀርንና ሶል ሜጀርን ስትጨምሪ እነዚህን ሁለት ድምፆች ታስገቢያለሽ፤ የቅኝቱ ጣዕም ይለወጣል። ሆን ብሎ፣ አውቆ የሚያደርገው ሙዚቀኛ አለ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ ሆነሽ ግን መጀመሪያ ቅኝቱን ያለ ባዕድ ድምፅ ስሚው። ጣዕሙን ሳታውቂ ቅመም አትጨምሪ።

ቅኝት ሲለወጥም ኮርዱ ይለወጣል። ባቲ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ዶ ሜጀር እዚያም ይገጥማል። የትዝታ ማይነሩ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እዚያ ላይ ዶ ሜጀር ብትይዢ ያንቺ ሚ ከዜማው ሚ ፍላት ጋር ይጣላል፤ የወንድምሽን ኩርፊያ፣ ዶ ማይነርን ያዢ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚ የሚባል ነገር የለበትም፣ ሜጀሯም ማይነሯም። ስለዚህ መሃል ጣትሽን አንሺና ዶና ሶልን ብቻ ያዢ። ባዶ ይመስላል። አይደለም፤ ለዜማው ቦታ መልቀቅ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። እዚያ ሶልም ስለሌለች ዶን ብቻዋን ያዢ። አጃቢ ዝም ማለትም ይችላል።

የእኛን ቅኝትና የፒያኖን ኮርድ ማስታረቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩት አንዱ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፣ በ1936 ዓ.ም.። ቫይብራፎን (በዱላ የሚመታ፣ የብረት ዘንጎች የተደረደሩበት መሣሪያ) እና ኪቦርድ እየተጫወቱ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ሲያጋቡ፣ ከሥሩ ያለው ኮርድ ዜማውን እንዴት ተሸክሞ እንደሚሄድ በጆሮሽ ተከታተዪ። ፒያኖን ብቻውን ለመስማት ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስሚ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት ናቸው። ግራ እጃቸውን ብቻ ለመከተል ሞክሪ።

ኪቦርዱን በተመለከተ፣ ደህና ነው ብልሽም ያገለገለ ስለሆነ ሦስት ነገር እዪ። ትራንስፖዝ የሚለው ቁጥር 0 ላይ ይሁን። የቀድሞው ባለቤት ለውጦት ከሆነ ዶን ስትነኪ ሌላ ድምፅ ነው የሚወጣው፤ ከሰው ጋር ስትጫወቺ አይገጥምሽም። ራሱ የሚያጅበው፣ ከበሮና ባስ የሚጨምረው ክፍል ይጥፋ። እሱ ሲበራ በግራ በኩል አንድ ቁልፍ ብቻ ነክተሽ ሙሉ ኮርድ ሊያወጣልሽ ይችላል፤ ጆሮሽን ያታልላል። ሦስተኛ 61ዱንም ቁልፎች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ንኪ። አንዳንዱ ካልጮኸ ወይም እየቆየ ከጮኸ ከሥሩ ያለው የጎማ መገናኛ ቆሽሾ ነው የሚሆነው፤ ከፍቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ያስተካክለዋል። የጅማን ዝናብና እርጥበት ታውቂዋለሽ። ኪቦርዱን ከሚረጥብ ግድግዳ አርቂው፣ ሲያድርም በደረቅ ጨርቅ ሸፍኚው። ባለ 88 ቁልፍ ካልገዛሁ ብለሽ ግን አትጨነቂ። ከዶ እስከ ሶል ያለው ኮርድሽ ጥቁሩም ነጩም ተቆጥሮ 8 ቁልፍ ላይ ነው የሚያርፈው። አምስት ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት አምስት ጊዜ፣ ይበቃሻል።

የመጨረሻው ሥራ የወንድምሽ ነው። ኪቦርዱ ላይ አስቀምጪውና ሬንና ላን ያዝ በዪው። መሃል ጣቱን ወይ ፋ ላይ፣ ወይ ፋ ሻርፕ ላይ እንደፈለገ ያድርግ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁሚ። እያንዳንዱን ሲጫወት «አኩርፏል» ወይም «ታርቋል» በይው። በማግስቱ ሬን ትቶ ከሚ ይነሳ፣ ከዚያ ከላ። ከሃያ ሙከራ አሥራ ስምንቱን ስታገኚ ቦታ ተቀያየሩ።